የብርድ ወራት አትክልት ምርጫ፦ በሜይን የባሕር ዳርቻ የአንድ እርሻ የጉዳይ ጥናት

በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ በሜይን ግዛት፣ ፔኖብስኮት በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ዳር ኬፕ ሮዚየር የምትባል ደናማ ምድር አለች። እዚያ ያለው ፎር ሲዝን ፋርም የተባለ ትንሽ እርሻ፣ ጥር ላይ ውጭው በረዶ ለብሶ ሳለ፣ ማሞቂያ ከሌላቸው የላስቲክ ቤቶች ስፒናች እየቆረጠና ካሮት እየነቀለ ለገበያ ያቀርባል። ባለቤቶቹ ኤልየት ኮልማንና ባርባራ ዳምሮሽ የሚባሉ ባልና ሚስት ናቸው። ስለዚህ እርሻ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያነሣው የላስቲክ ቤቶቹን ነው። እኔ ግን ከላስቲኩ በፊት የመጣውን ውሳኔ ነው የማየው፤ ማለትም የትኛው ዘር፣ በየትኛው ሳምንት መሬት መግባት እንዳለበት። በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውሮፓ ጓሮ የሚያለሙ ወገኖቻችን በየዓመቱ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ስለሆነ ጉዳዩን ከሥሩ ማየት ይጠቅማል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኮልማን መሬቱን የገዛው በ1968 ነው። የሸጡለት ሔለንና ስኮት ኒሪንግ፣ የከተማ ኑሮ ትተው ከአፈር ሠርተው በመብላት ስማቸው የታወቀ ባልና ሚስት ነበሩ። 60 ኤከሩን፣ ማለትም ወደ 24 ሄክታር የሚጠጋውን፣ አንዱን ኤከር በ33 ዶላር ሂሳብ ሰጡት፤ ጠቅላላው 2,000 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን እንኳ ርካሽ ነበር። ርካሽነቱ ደግሞ ምክንያት አለው፤ ምድሩ በጥድ መሰል ዛፎች የተሸፈነ፣ አሸዋማ፣ ድንጋያም፣ አፈሩም ኮምጣጣ ነበር። ኮልማን ደኑን እየመነጠረ፣ የባሕር ሣር፣ ፍግና ኮምፖስት እየጨመረ አፈሩን ቀስ በቀስ ለሰው ምግብ አበቃው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቦታውን ለቆ ሌላ ግዛት ሄደ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ተመለሰ። የብርድ ወራት አትክልትን ለገበያ ማምረት የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የእርሻው የሽያጭ ወቅት ከኦክቶበር እስከ ሜይ ነበር፤ ሌላው ገበሬ ሥራ በሚበዛበት በጋ፣ ማለትም በሞቃቱ ወራት፣ እነሱ ያርፉ ነበር። ገበያው የሚራበው አትክልት በሚጠፋበት ጊዜ ነውና አካሄዱ የነጋዴ ብልጠት አለበት።

የምርጫው ሥር ግን ያለው በካርታ ላይ ነው።

ኬፕ ሮዚየር ያለችው በ44ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ነው። መስመሩን በጣት ተከትሎ አትላንቲክን ለተሻገረ ሰው ጣቱ የሚያርፈው ኖርዌይ ወይም ስኮትላንድ ላይ ሳይሆን ደቡብ ፈረንሳይ ላይ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ትንሽ ሲገፋ የጣሊያኗ ጄኖቫ ጋ ይደርሳል። ጥር ላይ የሜይን አትክልተኛ የሚያገኘው የፀሐይ ብርሃን ርዝመት የደቡብ ፈረንሳይ አትክልተኛ ከሚያገኘው እኩል ነው ማለት ነው። በጃንዋሪ 1996 ኮልማንና ዳምሮሽ ይህንን በዓይናቸው ለማየት ሄደው መስመሩን እየተከተሉ በደቡብ ፈረንሳይ ተጓዙ። ያዩት በየጓሮው በብርድ ወራት የቆመ አትክልት ነበር፤ ስፒናች፣ ባሮ ሽንኩርት፣ የሰላጣ ዓይነቶች፣ በእኛ አገር የማይታወቀው ማሽ የተባለ ትንንሽ ቅጠል። ፀሐይዋ አንድ፣ ብርዱ ለየቅል። ብርዱን በሽፋን መከላከል ይቻላል፤ ብርሃን ግን በሽፋን አይጨመርም። ስለዚህ ሜይን ላይ የሚዘራውን ለመምረጥ ፈረንሳይ በብርድ ወራት ምን እንደምትበላ ማየት ይበቃ ነበር። በዚህ እርሻ ታሪክ ውስጥ የማደንቀው ይህንን ነው። ሰውዬው ብርድ የሚችል አትክልት ፍለጋ ወደ ባሰ ብርድ አልሄደም፤ ተመሳሳይ ቀን ወዳለው ለስላሳ አገር ሄደ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላደገ ሰው የቀን ርዝመት የግብርና ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። አዲስ አበባ በ9ኛው ዲግሪ አካባቢ ስላለች አጭሩ ቀኗ ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ነው፤ ረጅሙም ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙ አይዘልም። የእኛ ገበሬ ሰማይ የሚያየው ለዝናብ ነው፤ የሚጠይቀውም መቼ ይጥላል፣ መቼ ያባራል፣ ውርጭ ደጋውን መቼ ይመታል ብሎ ነው። ሜይን ላይ አጭሩ ቀን ወደ 9 ሰዓት ይወርዳል። ኮልማን ከልምዱ እንዳስተዋለው፣ ቀኑ ከ10 ሰዓት በታች ሲሆን አብዛኛው አትክልት ማደጉን ያቆማል ማለት ይቻላል። አይሞትም፤ ባለበት ይቆማል። በ44ኛው ዲግሪ ይህ ጊዜ ከኖቬምበር 5 ገደማ እስከ ፌብሩዋሪ 5 ገደማ ይዘልቃል፤ በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር መጨረሻ ማለት ነው።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ቀላል ይመስላል፤ ሰው ሁሉ የሚስተው ግን እሱን ነው። የብርድ ወራት አትክልት በብርድ ወራት አይበቅልም። የሚበቅለው ከዚያ በፊት ነው፤ በብርዱ ጊዜ መሬት ላይ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ። መደቡ እንደ ጎተራ ነው፤ ሲጨልም ውስጡ ያለው ያው ነው፣ እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ ብዙም አይጨምርም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዘር የሚቀርበው ጥያቄ ሁለት ክፍል አለው፦ ብርዱን ይችላል ወይ? ኖቬምበር 5 ከመድረሱ በፊትስ ለመበላት የሚበቃ መጠን ላይ ይደርሳል ወይ? ከሁለቱ አንዱን ያጣ ዘር ከዝርዝሩ ይወጣል።

ብርዱን የመቻሉ ነገር በሽፋን ይታገዛል። እርሻው የሚጠቀመው ሁለት ሽፋን ነው። ውጭኛው ነጠላ ላስቲክ ብቻ የለበሰ ቤት ነው። ውስጠኛው ደግሞ በሽቦ ቅስት ላይ ከአፈሩ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተዘረጋ፣ ብርሃንና ውሃ የሚያሳልፍ ስስ ነጭ ጨርቅ ነው። ኮልማን እንደሚያሰላው እያንዳንዱ ሽፋን አትክልቱን 500 ማይል፣ ማለትም 800 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይወስደዋል። ላስቲኩ ሥር የገባ ተክል ሜይን ላይ ተቀምጦ ኒው ጀርዚ የሄደ ያህል ነው፤ ጨርቁ ሲደረብለት ጆርጂያ ይደርሳል። በአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የብርድ ቀጠና ካርታ ቋንቋ ደግሞ እያንዳንዱ ሽፋን አንድ ቀጠና ተኩል ያህል ያወጣል፤ ቀጠና 5 የነበረው ቦታ ቀጠና 8 ይሆናል። ቀጠና 5 ማለት የዓመቱ እጅግ ብርዳም ሌሊት በአማካይ ከዜሮ በታች ከ23 እስከ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚወርድበት ነው፤ ቀጠና 8 ከዜሮ በታች ከ7 እስከ 12። ለአንዳንድ ቅጠል በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሞትና የሕይወት ነው።

ይሁን እንጂ ሽፋኑ ውስጥም ውሃ ይረጋል፣ ቅጠልም በረዶ ይሆናል። ሌሊት ላይ ስፒናቹ ጠንክሮ እንደ ብርጭቆ ሊሰበር ይደርሳል፤ ፀሐይ ወጥታ ቤቱ ሲሞቅ ግን ምንም እንዳልሆነ ቀና ይላል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ብርድን የለመደ ተክል ውስጥ በረዶው የሚሠራው ከሴሎቹ ውጭ፣ በመካከላቸው ባለው ክፍተት ነው። ውሃ ከሴሉ ወደዚያ ይወጣል፤ በሴሉ ውስጥ የሚቀረው ፈሳሽ ስኳሩና ሌላው ንጥረ ነገር እየወፈረ ስለሚሄድ በቀላሉ አይረጋም። ይህ ችሎታ ግን በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ ተክሉ ሳምንታት በሚፈጅ ቀስ በቀስ በሚበርድ አየር ውስጥ መልመድ አለበት። ከዚህ የተነሣ እርሻው ላይ አንድ የማይጣስ ሕግ አለ። ቅጠል በረዶ ሆኖ ሳለ አይነካም፤ ፀሐይ እስክታፈታው ይጠበቃል። በረዶ ሆኖ የተቆረጠ ቅጠል ሲፈታ የሚሆነው የተቀቀለ ጎመን መምሰል ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ።

አንደኛውን ቦታ የያዘው ስፒናች ነው። ብርዱን ይችላል፣ ከተቆረጠ በኋላ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ሰውም ያውቀዋል። ሦስተኛውን ምክንያት አቅልሎ ማየት ስህተት ነው፤ ብዙ አትክልተኛ ብርድ የሚችል ብርቅ ቅጠል ዘርቶ ማንም ሳይበላለት ይቀራል። ስፒናች የቀን መርዘም ሲሰማው ግንድ አውጥቶ ወደ አበባ ይሄዳል። በመኸር ሲዘራ ከፊቱ የሚጠብቀው አጭር ቀን ስለሆነ ግን ያለ ስጋት ወራት ይቆማል። ጃንዋሪ ላይ የሚቆረጠው ቅጠል ከበጋው ወፈር ያለና የሚጣፍጥ ነው።

ማሽና ክሌይቶኒያ ብርድ በመቻል ከስፒናችም አያንሱም። ማሽ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ለመልቀም ትዕግሥት የሚጠይቅ ቅጠል ነው፤ ዘሩ በሞቀ አፈር በደንብ አይበቅልም፣ ስለዚህ እንደ ተፈጥሮው የመኸር ዘር ነው። ክሌይቶኒያ የሰሜን አሜሪካ ምዕራብ የዱር ቅጠል ነው፤ ሲቆረጥ ደጋግሞ ያቆጠቁጣል፣ አበባውም ይበላል። እነዚህ ለምግብ ቤት ገበያ ተመረጡ። በእኛ ቤት ማዕድ ግን ቦታ የላቸውም፤ ለሰላጣ ካልሆነ በቀር እኔም አልደክምባቸው።

ሰላጣ ላይ እርሻው ያደረገው ምርጫ ብልህ ነው። ተጠቅልሎ ያደገ ሰላጣ በውርጭ በቶሎ ይጎዳል፤ ገና ልጅ እያለ በቅጠሉ የሚቆረጠው ግን በጣም ይሻላል። ዝርያ ከመቀየር ይልቅ የሚቆረጥበትን ዕድሜ ቀየሩ ማለት ነው። አሩጉላ፣ ሚዙናና ታትሶይ የሚባሉት የሰላጣ ቅጠሎች፣ የቀይ ሥር ቅጠልም በዚሁ መንገድ ገቡ። ቆስጣም ተሞክሯል፤ ግንዱ ውሃ የበዛበት ስለሆነ በከባዱ ብርድ ከስፒናች ቀድሞ የሚወድቅ ነው፤ ሲፀና ግን በመጋቢት መልሶ ይበላል።

ካሮቱ የእርሻው ኩራት ነው። በኦገስት መጀመሪያ ይዘራል፣ ከመጨለሙ በፊት ሥሩ ይሞላል፣ ከዚያም ሳይነቀል መሬት ውስጥ እንዳለ የሚንቀሳቀስ የላስቲክ ቤት ተገፍቶ ይሸፍነዋል። ብርዱ በጠነከረ ቁጥር ሥሩ ውስጥ ስኳር ይበዛል፤ ተክሉ ራሱን ከበረዶ የሚከላከልበት መንገድ ለእኛ ጣዕም ይሆናል። የአካባቢው ልጆች እንደ ከረሜላ ይበሉታል፣ በገበያም የሚታወቀው በከረሜላ ካሮትነቱ ነው። በፌብሩዋሪ ቀኑ ከ10 ሰዓት በላይ ሲሆን ግን ሥሩ እንደገና ሊያድግ ይነሣል፣ ስስ ጭራሮዎች ያወጣል፣ ጣዕሙም ይወርዳል። ስለዚህ ለካሮት ሁለት የቀን ገደብ አለው፤ የሚዘራበትና ተነቅሎ ማለቅ ያለበት። በፍልሰታ ጾም መግቢያ ዘርቶ ለገና መንቀል የሚለው ቀመር ለሰሜን አሜሪካ ሐበሻ አትክልተኛ ለማስታወስ ይመቻል። የፍልሰታው መግቢያ ኦገስት 7፣ ገናው ጃንዋሪ 7 ነው፤ ለሜይን ኬክሮስ ትንሽ ቀደም ቢል ይመረጣል።

ባሮ ሽንኩርትን በተመለከተ ትምህርቱ ዝርያ ላይ ነው። ለበጋ የተዘጋጁት ዝርያዎች ረጅም፣ ቅጠላቸው ፈዛዛ አረንጓዴ ሆኖ ለስላሳ ናቸው። ለብርድ የተዘጋጁት አጠር ብለው ወፍራም ናቸው፤ ቅጠላቸውም ወደ ሰማያዊ ያደላል። በዘር ፓኬት ላይ ያለውን ፎቶ ማየት ብቻ ብዙ ይናገራል።

ከዝርዝሩ የወጡትን ማየትም ያስተምራል። ድንች፣ የበሰሉ የሽንኩርት ራሶች፣ ጥቅል ጎመንና ቀይ ሥር በመኸር ተነቅለው በቀዝቃዛ ጎተራ ያለችግር ይከርማሉ፤ ለነሱ ውድ የላስቲክ ቤት ቦታ መስጠት ትርጉም የለውም። ቲማቲምና ቃሪያ በውርጭ ስለሚሞቱ ጥያቄ ውስጥ አይገቡም። የብርድ ወራት መደብ የሚገባው በትኩስነቱ ለሚፈለግና ሊከማች ለማይችል ነገር ነው፤ ካሮት ብቻ ከዚህ ሕግ ውጭ የገባው መሬት ውስጥ መቆየቱ ስለሚያጣፍጠው ነው።

ዘር ከተመረጠ በኋላ የቀን መቁጠሪያው ወደ ኋላ ይቆጠራል። መነሻው ኖቬምበር 5 ነው። ዘሩ በበጋ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ፓኬቱ ላይ ተጽፏል፤ ነገር ግን ያ ቁጥር የሚሠራው ለረጅም ቀን ነው። ሴፕቴምበር ውስጥ ቀኑ በፍጥነት ስለሚያጥርና አፈሩም ስለሚቀዘቅዝ፣ በወሩ መጀመሪያ የተዘራ የሰላጣ ቅጠል በአንድ ወር ገደማ ሲደርስ በወሩ መጨረሻ የተዘራው እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። በመዝሪያ ላይ የጥቂት ቀን መዘግየት በመከር ላይ የሳምንታት መዘግየት ይሆናል። እርሻው ይህንን ጉዳት ወደ ጥቅም ቀየረው። በሴፕቴምበር ውስጥ በጥቂት ቀን ልዩነት ተራ በተራ የተዘሩ መደቦች ዕድገቱ ጨርሶ ስለማይቆም በዲሴምበር፣ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ በዝግታ ተራ በተራ ይደርሳሉ። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ የሚዘራ ሰው ተመሳሳይ ተከታታይ ምርት ለማግኘት በመኸር በየሦስትና በየአራት ቀኑ ሊዘራ ይገደዳል።

እዚህ ላይ ማንኛውም አትክልተኛ የሚገጥመው ግጭት ይመጣል። በኦገስትና በሴፕቴምበር መጀመሪያ መደቡ ነፃ አይደለም፤ ቲማቲሙ እየቀላ ነው፣ ቃሪያው አሁን ነው ያፈራው፣ ማን ይነቅለዋል? በተለይ የእኛ ሰው ለቃሪያው ያለው ፍቅር ይታወቃል። እስከ ኦክቶበር ይታገሠዋል፤ ውርጭ መጥቶ ሲያጠቁረው መደቡ ይለቀቃል፣ ያኔ ስፒናች ይዘራል፣ ያው ዘር ጥፍር የምታህል ሆና ጨለማው ይደርስባታል። ከዚያም ወሬው «ይሄ አገር ብርዱ ምንም አያሳድግ» ይሆናል። ሊያሳድግ ይችል ነበር፤ መደቡ በቀጠሮው አልተለቀቀም እንጂ።

ኮልማን ለዚህ የሰጠው መልስ የሚንቀሳቀስ ቤት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በሐዲድ ላይ የሚገፉ የመስታወት ቤቶች በአውሮፓ ከእሱ በፊት ነበሩ። ቤቱ በበጋ በቲማቲሙ ላይ ይቆማል። አጠገቡ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ደግሞ የብርድ ወራቱ አትክልት በወቅቱ፣ በሜዳ ላይ ይዘራል። ውርጭ ሲከብድ ቲማቲሙ ይነቀልና ቤቱ ተገፍቶ በስፒናቹና በካሮቱ ላይ ያርፋል። አንዱ ሌላውን ሳያስለቅቅ ሁለቱም ወቅቱን ያገኛል። አፈሩም በየተራው ሜዳ ላይ ሲውል በዝናብና በበረዶ ይታጠባል፤ ለዓመታት በላስቲክ ሥር የተዘጋ አፈር ላይ የሚታየው የጨው መከማቸትና የተባይ መራባት ይቀንሳል።

ለጓሮ ሰው ቤት መግፋት አያስፈልገውም። በቃሪያውና በቲማቲሙ መካከል ዘር መበተን፣ ወይም ችግኙን በሳጥን አፍልቶ መደቡ ሲለቀቅ ማዛወር ያው ሥራ ይሠራል። ካሮት መዛወር አይወድም፤ ለእሱ ከበጋው መጀመሪያ አንድ መደብ ለይቶ ማስቀመጥ ግድ ነው። ለዚያ የሚመቸው ነጭ ሽንኩርት የተነሣበት መደብ ነው፤ ጁላይ ላይ ስለሚነቀል ቦታው ልክ በሰዓቱ ይለቀቃል።

ከብርዱ ይልቅ ጉዳት ያደረሱት ሌሎች ነገሮች መሆናቸውም ከእርሻው ልምድ የሚገኝ ነው። ንፋስ ቅጠልን ያደርቃል፤ አፈሩ ረግቶ ሥር ውሃ መሳብ ሳይችል ንፋሱ ከላይ ይመጥጣል። ስለዚህ የላስቲኩ ዋና ጥቅም ሙቀት ሳይሆን ንፋስ መከላከል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እርጥበት ሲበዛ ደግሞ ቅጠሉ ይበሰብሳል፤ ፀሐያማ ቀን ሲገኝ ጨርቁን አንሥቶ ቤቱን ማናፈስ ያሻል። በጨለማዎቹ ወራት ውሃ ማጠጣት አያስፈልግም ማለት ይቻላል። ሌላው ጠላት አይጥ መሰል የሜዳ እንስሳ ነው፤ ውጭው በረዶ ሲሆን ሙቅ አፈርና ጣፋጭ ካሮት ያለበትን ቤት ማንም ሳይነግረው ያገኘዋል።

ይህንን ጉዳይ ወደ ሌላ ቦታ ስንወስደው የሚቀየረውና የማይቀየረው ይለያል። ኬፕ ሮዚየር በአብዛኛው በባሕር የተከበበች ስለሆነች ብርዱ ቢከብድም የባሕሩ ውሃ ያለሰልሰዋል፤ አሸዋማው አፈርም ውሃ አይቋጥርም። ሚኒያፖሊስ በ45ኛው ዲግሪ ያለች በመሆኗ ቀኗ ከኬፕ ሮዚየር ጋር ይመሳሰላል፣ የመሃል አገር ብርዷ ግን ይበረታል። እዚያ ያለው ሰው የመዝሪያ ቀኑን ከሜይን ሊወስድ ይችላል፤ ከዘሮቹ ግን ጠንካሮቹን ብቻ መርጦ ሁለቱንም ሽፋን ማድረግ አለበት። ቶሮንቶ በ44ኛው ጎረቤት ናት። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ በ39ኛው ዲግሪ ላይ ስለሆኑ ከ10 ሰዓት በታች ያለው ጊዜ ከኖቬምበር አጋማሽ በኋላ ጀምሮ በጃንዋሪ ሦስተኛ ሳምንት አካባቢ ያበቃል፤ ብርዱም በአብዛኛው ቀጠና 7 ነው። እዚያ ለስፒናች መዝሪያው ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ባሉት ቀናት ቢሆን ጥሩ ነው፣ አንድ ሽፋንም ይበቃል። ለንደን ብርዷ ቀላል ነው፤ ቀኗ ግን ከሜይንም ያጥራል፣ ጨለማው ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ይዘልቃል። ብርዱ ቀላል ነው ብሎ ዘግይቶ የሚዘራ የለንደን አትክልተኛ የሚጎዳው በዚህ ነው። በአንጻሩ ለንደን ላይ ባቄላን በኖቬምበር ዘርቶ ማክረም የቆየ ልማድ ነው፤ የእኛ ሰው የሚያውቀው ሰብል ስለሆነ እሸቱን ከሌላው ቀድሞ ለመብላት ጥሩ ዕድል ነው።

እስራኤል ያለው ወገን ሌላ ዓለም ውስጥ ነው። ቴል አቪቭ ላይ አጭሩ ቀን ከ10 ሰዓት ለጥቂት ከፍ ይላል፤ ማለትም አትክልት ማደጉን የሚያቆምበት ጊዜ በጭራሽ አይመጣም። በዱባይና በሪያድም እንዲሁ፤ እዚያማ የጓሮ ወቅቱ ራሱ ከኦክቶበር በኋላ ነው የሚጀምረው፣ የሚጎዳው በጋው ነው። ለነሱ ይህ ሁሉ የቀን ቆጠራ ሥራ አይጠይቅም።

የቀረው የሁሉም ጥያቄ የሐበሻ ጎመን ነው። የነቢያት ጾም ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ገና የሚዘልቅ ስለሆነ ጎመን የሚፈለገው ልክ በጨለማዎቹ ሳምንታት ነው፤ ዐቢይ ጾምም ገና አትክልቱ ሳያንሰራራ ይደርሳል። የእኛ ጎመን በሳይንስ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ የሚባለው ነው። በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ከዘይቱ የአውሮፕላን ነዳጅ ለመሥራት በብርድ ወራት ይዘራል፤ በፍሎሪዳና በጆርጂያ ብርድ ሜዳ ላይ ይከርማል ማለት ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ሲኬድ ግን አይቆምም፤ ያለ ሽፋን የዲሲን ከባድ ሌሊት ይተርፋል ብሎ መመካት አይቻልም። ሌላው ጠባዩ የአንድ ዓመት ተክል መሆኑ ነው፤ ቀኑ ሲረዝም ለመግደርደር ጊዜ አያጠፋም፣ አበባውን ያወጣል። ኬልና ኮላርድ የሚባሉት የፈረንጅ ጎመኖች ግን የሁለት ዓመት ተክሎች ናቸው፤ ብርዱን ያልፋሉ፣ አበባ የሚያወጡትም ከከረሙ በኋላ በጸደይ ነው።

በኮልማን መንገድ ብንሄድ ውሳኔው እንዲህ ይሆናል። ለነቢያት ጾም የሐበሻው ጎመን በኦገስት አጋማሽ ይዘራል፤ ከኖቬምበር አጋማሽ በፊት ቅጠሉ ይሞላል፣ በአንድ ጨርቅ ሥር ሆኖ ከባዱ ብርድ እስኪመጣ እየተለቀመ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ቢሞትም ሥራውን ጨርሷል። ለዐቢይ ጾም ደግሞ ኬሉና ኮላርዱ በጁላይ መጨረሻ ችግኝ ይፈላላቸዋል፤ ጃንዋሪን ቆመው ያልፉና ፌብሩዋሪ ላይ ቀኑ ሲረዝም አዲስ ቅጠል ይሰጣሉ። ነጭ ሽንኩርቱ በኦክቶበር ተፈልፍሎ ይተከላል፤ መሬቱ ከመርጋቱ በፊት ሥር ይይዛል፣ ለብርዳም አገር በመሃሉ ጠንካራ ግንድ ያለው ዓይነት ይመረጣል፣ ጭድ ይለብሳል፣ እስከ ጁላይ ማንም አያየውም። ከርሞ በሜይ ለሚነቀለው ሽንኩርት ዘሩ በኦገስት ማብቂያ ይገባል። እዚህ ላይ ከመጠን በላይ ማሳደግም ጉዳት አለው፤ ተክሉ ወደ ብርዱ ሲገባ ከእርሳስ ከወፈረ በጸደይ ራስ ከመቋጠር ይልቅ አበባ ያወጣል፣ በጣም ከቀጠነ ደግሞ በብርዱ ይሞታል። ስለዚህ በኦገስት ማብቂያ በአምስት ቀን ልዩነት ሁለት መስመር መዝራት ይሻላል፤ የትኛው መስመር ለአካባቢው እንደሚስማማ ሜይ ላይ ይታያል፣ በሚቀጥለው ዓመት አንዱ ይቀራል።